የሐር ትል ታሪክና በአንጀቷ ውስጥ ያለው ምስጢር

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ስለ አንድ ታላቅ ንጉሥ ወይም ስለ አንድ ታላቅ ጦርነት የሚጽፉ ጓደኞች እንደማይጠፉ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ስለ አንዲት ትል ታሪክ ለመጻፍ አሰብሁ። ትልን ከነገሥታት ጋራ በአንድ መጽሔት ማስቀመጥ የሚያስቅ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ይህች ትል የሮምን ቄሣር ወደ አክሱም መልእክተኛ ያስላከች፥ በኋላም የሳይንስ ሊቃውንትን ብዙ ዓመት ያደከመች ናት። ስሟም የሐር ትል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቼ እንዲያስተውሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ወደዚህ ጥያቄ ያደረሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሴት አያቴ ማተብ ነው። አያቴ በአንገታቸው ያሰሩት ሰማያዊ ክር እንደ ዛሬው ናይለን ሳይሆን እውነተኛ ሐር ነው፤ ስለ እርሱም በኽምጣኛ ሲያጫውቱኝ ደስ ይላቸዋል። «ይህን ክር ከየት አገኙት?» ብዬ ብጠይቃቸው «ነጋዴ ነው ያመጣው» አሉኝ። «ነጋዴውስ ከየት አመጣው?» ብላቸው «ከባሕር ነዋ፥ ልጄ» ብለው ሳቁብኝ። ከባሕሩ ማዶ ያለውን ግን እርሳቸውም አልጠየቁም፤ እኔም እስከዚያ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ነገር በራሴ እጅ የደረሰ ጥፋት ነው። ባለፈው ክረምት ከመንደራችን በታች በወንዙ ዳር ከበቀለ ጉሎ ላይ አንዲት ትል አግኝቼ በባዶ የብስኩት ካርቶን አኖርኋት። በየቀኑ ትኩስ የጉሎ ቅጠል እሰጣት ነበር፤ እርሷም ሌሊትና ቀን ትበላ ነበር። አንድ ቀን መብላቷን ትታ ጭንቅላቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ዝም አለች። የታመመች መስሎኝ በሣር ዘንግ እየነካሁ አስጨነቅኋት፤ ካርቶኑንም ፀሐይ ላይ አወጣሁት። በማግሥቱ ከጭንቅላቷ በስተኋላ ቆዳዋ ተሰንጥቆ አየሁ፤ ነገር ግን ከአሮጌው ቆዳ መውጣት ተስኗት እዚያው ውስጥ እንዳለች ሞተች። ለሥነ ሕይወት መምህራችን ይህን ብነግራቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ቆዳ ጣዪ የሚላት ትእዛዝ አለ፤ ትእዛዙ የሚሻርበትም ሰዓት አለ። የሐር ትልን ታሪክ አንብቢና ለዓመት መጽሔታችን ጻፊው።» እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው።

የሐር ትል አገር ቻይና ነው። ቻይናውያን ትሏን በቤታቸው እያረቡ ከክሯ ልብስ መሥራት ከጀመሩ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ልብሱን ለዓለም ሁሉ ይሸጡ ነበር፤ የክሩን አመጣጥ ግን አይገልጡም ነበር። ስለዚህ በሮም አገር የነበሩ አንዳንድ የታወቁ ጸሐፊዎች ሐር ከዛፍ ቅጠል ላይ እንደ ጸጉር የሚበጠር ነገር ይመስላቸው ነበር። ሐሩ ወደ ምዕራብ የሚሄደው በሁለት መንገድ ሲሆን አንደኛው በየብስ በፋርስ በኩል፥ ሁለተኛው በመርከብ ከሕንድ ተነሥቶ ወደ ቀይ ባሕር ነበር። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ላይ አዱሊስ የተባለው የአክሱም ወደብ ይገኝ ነበር።

በ6ኛው መቶ ዓመት የሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ከፋርስ ጋራ ይዋጋ ነበር። ሕዝቡ ሐርን የሚገዛው ከዚያው ከጠላቱ ከፋርስ ነጋዴዎች ስለሆነ፥ የሮም ወርቅ የፋርስን ግምጃ ቤት ይሞላ ነበር። ይህን ለማስቀረት በ531 ገደማ ዩልያኖስ የተባለ መልእክተኛ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ወደ ዐፄ ካሌብ ላከ። የጉዳዩን ታሪክ የጻፈው ፕሮኮፒዮስ የተባለው የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ነው። የመልእክቱም ቃል በአጭሩ፥ እናንተ ሐሩን ከሕንዶች ገዝታችሁ ለእኛ ሽጡልን፤ እናንተ ብዙ ገንዘብ ታገኛላችሁ፥ እኛም ለጠላታችን ገንዘብ ከመስጠት እንድናለን የሚል ነበር። ዐፄ ካሌብም እሺ አሉ፤ ነገሩ ግን አልተፈጸመም። ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው የፋርስ ነጋዴዎች ለሕንድ ጎረቤት ስለሆኑ መርከቦቹ ገና ከሚደርሱባቸው ወደቦች ላይ ቆመው ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመንን ያስገበሩ ንጉሥ ነበሩ፤ መርከብም ጀግናም አልጐደላቸውም። ነገር ግን የተፈለገው ሐር ከሌላ ሰው እጅ የሚገዛ ነበርና ሻጩ ዘንድ ቀድሞ የደረሰው ወሰደው። ዮስጢኒያኖስ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በ552 ገደማ ከምሥራቅ የመጡ መነኮሳት ወደ እርሱ ቀርበው፥ ሐርን የምትሠራው ትል እንደሆነች፥ ትሏን ከሩቅ አገር በሕይወቷ ማምጣት ባይቻልም እንቁላሏን ማምጣት እንደሚቻል ነገሩት። ተመልሰው ሄደው እንቁላሉን አመጡ፤ በፍግ ሙቀት አስፈለፈሉት፤ ትሎቹንም ማልቤሪ በተባለው ዛፍ ቅጠል አሳደጓቸው። ከዚያ ወዲህ ሐር በሮም ግዛትም መሠራት ጀመረ። እንግዲህ ከመርከቡና ከወርቁ ይልቅ ፍሬ ያፈራው ትሏ የምትበላውንና የምታድግበትን ማወቅ ነበር።

በአገራችን ግን ሐር ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሆኖ ቀረ። በጎንደር ዘመን በ18ኛው መቶ ዓመት የተሸመኑ ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ሙዚየምና በካናዳ ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ። ሽመናው ተመልካቹን ሁሉ የሚያስደንቅ የኢትዮጵያ እጅ ሥራ ሲሆን፥ ክሩ ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር። የእኛም ከተማ ሰቆጣ ከአፋር ቆላ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ጨው፥ ማር፥ እህልና ከብት ሲለዋወጥባት ከኖረችው ከዚህች ገበያ የሐር ክር የሚገዛ ሰው ዋጋውን ብቻ ይጠይቅ ነበር እንጂ የአያቴን ክር የፈተለችው ማን እንደሆነች ለማወቅ የደከመ አልነበረም።

አሁን ወደ ትሏ ራሷ እንመለስ። የሐር ትል ሕይወት እንደ ንብ ሕይወት አራት ክፍል አለው፤ እነርሱም እንቁላል፥ እጭ፥ ሙሽሬና ክንፍ ያላት የእሳት ራት ናቸው። ቅጠል የምትበላው በእጭነት ዘመኗ ብቻ ሲሆን እርሱም አራት ሳምንት ያህል ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ክብደቷ ወደ 10,000 እጥፍ ያድጋል። ይሁን እንጂ ቆዳዋ ከእርሷ ጋራ አብሮ አያድግም። ስለዚህ ልጅ የጠበበውን ልብስ እንደሚያወልቅ እርሷም አራት ጊዜ ቆዳዋን ትጥላለች። የሐር አርቢዎች ይህን ጊዜ «እንቅልፍ» ይሉታል፤ ትሏ መብላት ትታ ጭንቅላቷን አቅንታ ስለምትቆይ ነው። በዚያን ጊዜ ቅጠል አይሰጧትም፤ አይነኳትም፤ ከቦታዋም አያንቀሳቅሷትም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የብስኩቱ ካርቶን ትዝ ብሎኝ አፈርሁ። በሽታ የመሰለኝ እንቅልፍ ነበር። ከአምስተኛው ዕድሜዋ በኋላ አንድ ሺህ ሜትር የሚያህል አንድ ያልተቈረጠ ክር ከአፏ አውጥታ ቤቷን ትሠራበታለች፤ በውስጡም ሙሽሬ ትሆናለች። አንዱ ክር ብቻውን እጅግ ቀጭን ስለሆነ የብዙ ትሎች ክር አንድ ላይ ይጠቀለላል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ቃል እዚህም ይሠራል።

ትሏን ቆዳሽን ጣዪ ብሎ የሚያዛት ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ በደንብ የመረመረው ስቴፋን ኮፔች የተባለ የፖላንድ ሊቅ ነው። በ1917ና በ1922 ባወጣቸው ጽሑፎች የአንዲትን ሌላ የእሳት ራት ትሎች በክር እያሰረና አንጎላቸውን እያወጣ፥ ትሏ እንድትለወጥ የሚያደርገው ነገር ከአንጎል ተነሥቶ በደም ውስጥ የሚሄድ መሆኑን አሳየ። ይህ ሊቅ በ1941 በናዚዎች እጅ ተገደለ። በ1940 ሶይቺ ፉኩዳ የተባለ ጃፓናዊ ደግሞ በራሷ በሐር ትል ላይ ሠርቶ፥ ትእዛዙን የሚያወጣው በደረቷ ውስጥ ያለ ትንሽ ዕጢ መሆኑን ገለጠ። ከዚያም በ1954 አዶልፍ ቡተናንትና ፔተር ካርልሰን የተባሉ ጀርመናውያን 500 ኪሎ ግራም የሐር ትል ሙሽሬ ፈጭተውና አጣርተው 25 ሚሊ ግራም ንጹሕ ነገር አገኙ። አምስት ኩንታል ከሚሞላ ክምር የተገኘው በጣት ጫፍ የሚያዝ ነገር ነበር ማለት ነው። ስሙንም ኤክዳይሶን አሉት። እንደ እርሱ ያለ በደም ውስጥ የሚሄድ መልእክተኛ ሆርሞን ይባላል። ያን ያህል ሙሽሬ ማግኘት የተቻለውም የሐር ፋብሪካዎች ክሩን ከፈቱ በኋላ ሙሽሬው ስለሚተርፍ ነው።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ የሚያበቃ ይመስለዋል፤ ዋናው ነገር ግን ገና አልተነገረም። ኤክዳይሶን በሰውነቷ ውስጥ ጥቂት ተለውጦ ኀይለኛ ሆርሞን ይሆንና፥ ትሏ ከአሮጌው ቆዳ በታች አዲስ ቆዳ እንድትሠራ ያዛታል። አዲሱ ቆዳ ከተሠራ በኋላ ግን ሆርሞኑ በፍጥነት መጥፋት አለበት። በ1983 ጄምስ ትሩማንና ጓደኞቹ በትንባሆ ትል ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ሆርሞኑ ካልቀነሰ አሮጌውን ቆዳ ገፍቶ ለመውጣት የሚያስፈልገው ሁለተኛው መልእክተኛ ሥራውን እንደማይጀምር ታየ። በመጨረሻው ሰዓት ተጨማሪ ሆርሞን በመርፌ ቢሰጧት መውጣቷ ይዘገይ ነበር። በጥንት ዘመን ነጋሪት ተጐስሞ ክተት ሲታወጅ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ይወጣ ነበር። ዘመቻው ካለቀ በኋላ ግቡ የሚል ዐዋጅ ባይነገር ግን ማን ያርሳል? ማንስ ያጭዳል? የትሏም ነገር እንዲሁ ነው።

ሆርሞኑን የሚያጠፋው እንግዲህ ማን ነው? ካርልሰንና ተማሪዎቹ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን በዝንቦች ላይ መረመሩ፤ በ1970ዎቹም ካርልሰንና ኩልማን ኤክዳይሶንን የሚለውጥ ኢንዛይም አገኙ። ኢንዛይም ማለት በሕያው አካል ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ፥ እንደ እርሾ ያለ ሠራተኛ ነው። በሐር ትልና በዘመዶቿ ይህ ሥራ በብዛት የሚሠራው በመካከለኛው አንጀት ነው። ሥራውም በሁለት እርምጃ ይፈጸማል። አንደኛው ኢንዛይም በአየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን እየተረዳ የሆርሞኑን አንድ ክፍል ይለውጠዋል። ይህ ለውጥ ገና ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ኢንዛይም ግን ያንኑ ክፍል ወደ ተቃራኒው ጎን ያዞረዋል፤ ከዚያ በኋላ ሆርሞኑ ቁልፉ እንደ ተጣመመ በር አይከፍትም፤ ትእዛዝም አይሰጥም። በመጨረሻም ከኩስ ጋራ ይወጣል። በ2012 የቻይና ሊቃውንት የእነዚህን የሁለቱን ኢንዛይሞች ጂን በራሷ በሐር ትል ውስጥ ለይተው አወጡ። አንጀት የምግብ ቤት ብቻ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን አሮጌ ዐዋጅ የሚሻርበትም ቤት ነው።

ይህ ሥራ ሲበላሽ የሚሆነውን ከሁለት ወገን እንመልከት። አንደኛው ወገን ትእዛዙ አልሻር ሲል ነው። በ1966 ናካኒሺ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅና ባልደረቦቹ እንደ ኤክዳይሶን ያለ ነገር በዛፍ ቅጠል ውስጥ መኖሩን አገኙ፤ ለካ አንዳንድ ዕፀዋት የሚበሏቸውን ትሎች የሚቃወሙት የትሎቹን የራሳቸውን ሆርሞን አብዝተው በማብላት ነው። ከእነዚህ አንዱ በአገራችን አርማጉሳ የምንለው፥ ብዙ ሰው ለመድኀኒት የሚጠቀምበት መራራ ቅጠል ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኢሳኦ ኩቦና ጓደኞቹ ከምሥራቅ አፍሪካ የተገኘውን ይህን ቅጠል መርምረው ሆርሞኑን ለትሎች አበሉ። የጥጥ ፍሬ የምትበላው ትል አዲስ ቆዳና አዲስ የጭንቅላት ቅርፊት ሠራች፤ አሮጌውን ግን ልትጥለው አልቻለችም። ቅርፊት በቅርፊት ላይ ተደርቦ አፏን ስለ ሸፈናት በራብ ሞተች። የሐር ትልም ብዙ ሲሰጧት ቆዳ መጣል ተሳናት። ሌላ በጥጥና በአታክልት ላይ የምትወርድ ስፖዶፕቴራ የተባለች ትል ግን ያንኑ ሆርሞን በልታ ምንም አልሆነችም፤ ምክንያቱም አንጀቷ ሆርሞኑን ከስብ ጋራ አጣብቆ ከኩስ ጋራ ያስወጣዋል። የሁለቱ ትሎች ሞትና ሕይወት የተለየው በአንጀታቸው ነው።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ትእዛዙ ያለ ጊዜው ሲሻር ነው። በ1989 ኦራይሊና ሚለር የተባሉ ተመራማሪዎች ትሎችን የሚያሳምም አንድ ቫይረስ ሆርሞኑን የሚያጠፋ ኢንዛይም የሚሠራበት ጂን እንዳለው አስታወቁ። ቫይረሱ በሆርሞኑ ላይ ስኳር ያጣብቅበትና ሥራ ያስፈታዋል። የታመመችው ትል ቆዳ መጣሉን ትታ ዝም ብላ ትበላለች፤ እየበላች ትወፍራለች፤ የምታሳድገው ግን በውስጧ ያለውን ጠላት ነው። የሐር አርቢዎች እጅግ የሚፈሩት የሐር ትል ቫይረስም የዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ ትእዛዝ ሳይሻር ቢዘገይ ሞት ነው፤ ቀድሞ ቢሻርም ሞት ነው። ሕይወት ያለው በሰዓቱ ነው።

ይህ ዕውቀት ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በሕንድና በጃፓን አርቢዎች ከዕፀዋት የተገኘውን ሆርሞን በመጨረሻው ሰዓት በቅጠሉ ላይ በጥቂቱ እየረጩ ትሎቻቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ክር እንዲጀምሩ ያደርጋሉ፤ ይህም ድካምንና ቅጠልን ይቆጥባል። በአገራችንም ቢሆን ሥራው ተጀምሯል። የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በማልቤሪ የምትኖረውን የሐር ትልና ከሕንድ የመጣችውን ኤሪ የተባለችውን ትል ሲያረባና ለገበሬዎች ሲያስተምር ቆይቷል። በ2004 በአዲስ አበባ የተቋቋመው ሳባሃር የተባለ የሽመና ድርጅትም በኢትዮጵያ ምድር ከተመረተ የኤሪ ሐር ልብስ ሠርቶ ወደ ውጭ አገር ሸጧል።

ኤሪ የምትበላው ምን እንደሆነ ስሰማ ግን ልቤ ተነካ፤ ምግቧ የጉሎ ቅጠል ነው። ጉሎ ማለት እናቶቻችን ፍሬውን ፈጭተው ምጣድ የሚያሰሱበት፥ በዋግ ሸለቆዎች በየወንዙ ዳርና በየአጥሩ ሥር ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው ነው። አገራችን ዋግ ድርቅ የሚያጠቃት፥ አፈሯም የታጠበ መሆኑን ከእኔ ይልቅ ወላጆቻችን ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ይኸው ሕዝብ ከዚሁ ምድር የታወቀ ማር ያወጣል፤ ንብን በቀፎ አኑሮ እጭና ሙሽሬዋን የሚያውቅ ሰው የሐር ትልንም ለማወቅ አይቸግረውም። ጉሎ አለ ብሎ ሐር ይኖራል ማለት እንዳልሆነ ግን ከካርቶኑ ተምሬአለሁ። እኔ ቅጠሉን በየቀኑ ሰጥቻት ነበር፤ የገደላት ግን አለማወቄ ነው።

ዐፄ ካሌብ ሐሩን ከሌላ ሰው መርከብ ላይ ለመግዛት እሺ ብለው ሳይሆንላቸው ቀረ። ከእርሳቸው ወዲህ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሐርን ገዝተን ለብሰናል። ዛሬ ወደቡን ዘግቶ ጭነቱን የሚወስድብን የፋርስ ነጋዴ የለም፤ የትሏ ምስጢርም በመጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በተለይም ከእኔ በኋላ በእነዚህ ወንበሮች የምትቀመጡ፥ ሥነ ሕይወትን ለፈተና ብቻ አታጥኑት። መምህራኖቻችንም አንድ ሣጥን ትልና አንድ የማጉያ መነጽር ለክፍላችን ቢያስገኙልን ብዙ እንማርበታለን። እኔም በሚመጣው ክረምት ወደ ወንዙ ዳር ተመልሼ ሌላ ትል ለማሳደግ አስቤአለሁ፤ መብላቷን ትታ ጭንቅላቷን ቀና ስታደርግም እጄን ሰብስቤ እጠብቃታለሁ። አያቴም ክሩ ከየት እንደመጣ ነግሬአቸው ማተባቸውን በጣታቸው እየዳሰሱ «እንግዲያ ይህቺ ትል እኮ ሸማኔ ናት» ብለዋል።